የዘለልኋቸው ገጾች

«ዓይነ ስውር ምን ይሻል ቢሉ ብርሃን» ይላሉ አበው። ይህን ብሂል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እውነትነቱንም ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። የተጠራጠርሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ ዓይነ ስውር ወዳጄ ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብለት ነው።

በዚያን ዘመን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚፈልጉትን መጽሐፍ በብሬል ማግኘት ብርቅ ስለሚሆንባቸው «አንባቢ» ይፈልጉ ነበር። አንባቢ ማለት ዓይኑንና ድምፁን በቀን አንድ ሁለት ሰዓት የሚያውስ ጓደኛ ነው። እኔ ለወዳጄ የማነብለት የትምህርት መጻሕፍትን ብቻ አልነበረም። ልብ ወለድ ይወድ ስለነበር ከፈተና በኋላ የምናነበው ድርሰት ሁልጊዜ አይጠፋም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወፍራም ልብ ወለድ ይዘን ተቀመጥን። ድካም ተጫጭኖኛል። ደራሲው ደግሞ ከባለታሪኮቹ ተለይቶ ስለ አንድ ሸለቆ መተረክ ጀመረ፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ዛፎቹ፣ በማለዳ ስለሚነሣው ጉም… ዓይኔን ወደፊት ብልክ ማለቂያ የለውም። እኔም በልቤ «ይህማ ለእርሱ ምን ይረባዋል?» አልሁና ሁለት ቅጠል በአንድ ላይ ገልብጬ፣ ንግግሩ ከሚቀጥልበት ላይ ማንበቤን ቀጠልሁ።

ግማሽ ገጽ እንኳ ሳልሄድ ወዳጄ እጁን አነሣ።

«ሁለት ቅጠል ገለበጥህ» አለኝ። «ድምፁ ወፈረብኝ።»

«ተጣብቆ ነው» ስል ዋሸሁ።

ፈገግ አለ። «እንግዲያው የተጣበቀውን አላቅልኝና አንብብልኝ።»

ዝም ብል ጊዜ ቀጠለ፦ «ስማኝ ወንድሜ፤ ከሰለቸሁም እኔው ልሰልች። አንተ ስለ እኔ አትሰልችልኝ።»

ውድ አንባቢ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ንባብ ከተነገረኝ ሁሉ እንደዚህች ዓረፍተ ነገር ጠልቃ የገባችኝ የለችም። ያን ዕለት ያጠፋሁት ጥፋት ስንፍና ብቻ አልነበረም። ሸለቆና ጉም ለዓይነ ስውር አይረቡም ብዬ ፈርጄ ነበር። በደግነት ስም በደራሲውና በአንባቢው መካከል ገብቼ፣ የትኛው ገጽ ለማን እንደሚገባ ወስኜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥበብ ለዓይነ ስውራን የተከፈተችበትን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የራሴን ጥፋት በሌሎች ሰዎች እጅ ተሠርቶ አገኘዋለሁ። ታሪኩ የዓይናማውን ደግነትና የዓይነ ስውሩን «ቆይ፣ እኔው ልሰልች» ባይነት ጎን ለጎን ይዞ የሚጓዝ ነው።

ከራሳችን ቤት ልጀምር።

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ትምህርቱ የቀንና የሌሊት ተብሎ ይከፈላል። በቀን ፊደልና ንባብ፣ በሌሊት ደግሞ ቃል። የቃል ትምህርት መጽሐፍ ስለማይሻ መብራትም አይሻም። ተማሪው በጨለማ ተቀምጦ መምህሩ ወይም ታላቁ ተማሪ የሚለውን እየተቀበለ፣ ደጋግሞ በልቡ ያኖረዋል። ውዳሴ ማርያሙ፣ መልክአ መልኩ፣ ጸሎቱ እንዲህ ባለው ጨለማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲሸጋገር ኖሯል። በዚያ ሌሊት ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ እኩል ናቸው። ለአንዱ የተዘጋ ለሌላው የተከፈተ ነገር የለም።

ከፍ ሲል ደግሞ ቅኔ ቤት አለ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በብራና ላይ አይደለም። ከሰው ርቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃላቱን በልቡ ያወጣል ያወርዳል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ሰምቶ ያርማል፣ ያቃናል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ሆነች ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚወለዱት እንዲህ ነው። ዓይነ ስውራን በቅኔና በዜማ ቤት ተማሪዎች፣ ኋላም መምህራን ሆነው መገኘታቸው ስለዚህ የሚያስገርም አይደለም። ማንም «ለዓይነ ስውራን ልዩ በር ልክፈት» ብሎ አልከፈተላቸውም። ቤቱ ሲሠራ በሩ በጆሮ በኩል ስለተሠራ ብቻ ገቡ።

ይሁንና በዚህ መኩራት የሚገባንን ያህል የሚጎድለንንም ማየት ይገባናል። በቃል የማይጠና መጽሐፍ ብዙ ነው። የታሪክ መጽሐፍ፣ ልብ ወለድ፣ ጋዜጣ፣ ከወዳጅ የተላከ ደብዳቤ… እነዚህን ሁሉ በሌሊት ተቀምጦ የሚያቀብል መምህር የለም። ማኅተም በአገራችን እየተስፋፋ፣ ጥበብም ከጆሮ ወደ ዓይን እየተሻገረች በሄደች መጠን ዓይነ ስውሩ ቀድሞ ከገባበት ቤት ቀስ በቀስ ወደ ደጅ ወጣ። ለአንዳንዱም የቀረው ደጁ ብቻ ሆነ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በዜማ ምጽዋት መለመን።

ደጁ ላይ የቆመ ዓይነ ስውር ዘማሪ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ለዓይነ ስውራን የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ የተሠራበት ታሪክም የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ደጅ ነው። ስለዚህ ወደ ፓሪስ እንሻገር። ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1771 በፓሪስ፣ የቅዱስ ኦቪድ በሚባለው ዓመታዊ ገበያ ላይ፣ አንድ ቡና ቤት ገበያተኛ ለመሳብ ዓይነ ስውራንን ሰብስቦ የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ። የማያዩ ዓይኖቻቸው ላይ ትልልቅ መነጽር አደረገላቸው፤ የሞኝ ቆብ ደፋላቸው፤ ሊያነቡት የማይችሉትን የዜማ ወረቀትም በፊታቸው ዘረጋላቸው። ሕዝቡ እያየ ተንከተከተ። የሳቁ ምክንያት ሙዚቃው አልነበረም፤ በዓይነ ስውር ፊት የተዘረጋው ወረቀት ነበር።

ከተመልካቾቹ መካከል ቫለንታን አዊ የሚባል ወጣት ነበረ። እርሱ አልሳቀም። ያን ትርኢት እያሰበ ኖሮ «እነዚህን ሰዎች በእርግጥ እንዲያነቡ አደርጋለሁ» የሚል ሐሳብ አደረበት። በ1784 በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይለምን የነበረ ፍራንስዋ ለስዌር የሚባል ዓይነ ስውር ወጣት አገኘና የመጀመሪያ ተማሪው አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1786 ደግሞ ስለ ዓይነ ስውራን ትምህርት የጻፈውን መጽሐፍ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ፊደሉ ወደ ላይ እንዲያብጥ አድርጎ አሳተመ። ጣት የፊደሉን ቅርጽ እየዳሰሰ ያነባል።

ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ነገር ግን ሥራውን ልብ ብለን ብናየው የተሳሳተባት አንዲት ነገር አለች፤ ፊደሉን የመረጠው በዓይን ነው። የላቲን ፊደል ለዓይን የተቀረጸ ነው፤ ለጣት ግን አንዱ ኩርባ ከሌላው ኩርባ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ፊደሉ መግዘፍ ነበረበት፤ መጽሐፉም ከብዶ ንባቡ ተጓተተ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይነ ስውሩ በዚያ ፊደል በቀላሉ መጻፍ አይችልም። ሌሎች ያተሙለትን ይዳስሳል እንጂ የራሱን አሳብ አስፍሮ ተመልሶ ሊያነበው አይችልም። በሩ ተከፍቶለታል፤ ቁልፉ ግን በዓይናማው ኪስ ነው።

ወደዚህ ትምህርት ቤት በ1819 አንድ የ10 ዓመት ልጅ ገባ። ስሙ ሉዊስ ብሬል ይባላል። በጥር 4 ቀን 1809 ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባለችው ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ የሚሰፋ ባለ እጅ ነበር። ልጁ 3 ዓመት ሲሆነው በአባቱ የሥራ ቦታ ሲጫወት፣ ቆዳ መብሻው ወስፌ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሁለተኛው ዓይን ተዛመተና በ5 ዓመቱ ፈጽሞ ዓይነ ስውር ሆነ።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ ሰው በነጥብ የሚጻፍ አዲስ ጽሕፈት ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት እንደሚስማማ የተረዳ ሰው ነበር፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የእርሱ ጽሕፈት ለአንድ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ይፈጅ ነበር፤ ጣት በአንዴ አይሸፍነውም። በተጨማሪም የሚጽፈው ድምፅን እንጂ ፊደልን ስላልነበረ ሥርዓተ ነጥብ የለው፣ የቃላት አጻጻፍ የለው። መልእክት ለመላላክ ይበቃል፤ ድርሰት ለማንበብ ግን አይበቃም። በዚህም ቢሆን አንድ ዓይናማ ሰው «ለእነርሱ ይህ ይበቃቸዋል» ብሎ ወስኖላቸዋል። ሁለት ቅጠል በአንድ ላይ ተገልብጦባቸዋል ማለት ነው።

ሉዊስ ብሬል ግን ራሱ ዓይነ ስውር ነውና መለኪያው የራሱ ጣት ነበረ። 12ቱን ነጥቦች ወደ 6 አወረዳቸው፤ 6 ነጥብ በአንድ የጣት ጫፍ ሥር ያድራልና። ከ6 ነጥቦች 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ለፊደልም፣ ለቁጥርም፣ ለሥርዓተ ነጥብም ይበቃሉ። የሥራው መሠረት ሲጣል ዕድሜው ገና 15 ዓመት ነበር። በ1829 ዘዴውን በመጽሐፍ አወጣ። በርእሱ ላይ ቃላትን፣ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን በነጥብ ስለ መጻፍ የተዘጋጀ መሆኑን ገለጠ። እስኪ ይህን ከ1771ዱ ገበያ ጋር አስተያዩት! ያን ጊዜ ለመሳለቂያ በዓይነ ስውራን ፊት የተዘረጋው የዜማ ወረቀት፣ ከ58 ዓመት በኋላ በዓይነ ስውር እጅ የተጻፈ፣ በዓይነ ስውር ጣት የሚነበብ እውነተኛ የዜማ ወረቀት ሆነ። ብሬል ራሱ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን ይመታ ነበር።

በእኛም አገር፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ከፊደል በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች እንደ ሠሩ ይታወቃል። ዜማ በቃል ብቻ ሲቀር እንደሚሳሳ ተረድተው ነው። ብሬልን ያሳሰበውም ያው ነበር። ልብ ይጠብቃል፤ ጽሕፈት ግን ልብ የዘነጋውን ይመልሳል።

የብሬል ጽሕፈት ግን ወዲያው እልል ተብሎ አልተቀበሉትም። በ1840 የትምህርት ቤቱን ኃላፊነት የያዘው አዲስ ዳይሬክተር ነጥቡን ከለከለ። ምክንያቱ በጎ ይመስላል፤ ዓይነ ስውራን ከዓይናሞች የተለየ ፊደል ከያዙ ከኅብረተሰቡ ይለያሉ የሚል ነው። ተማሪዎቹ ግን በስውር መጻፋቸውንና መጻጻፋቸውን አልተዉም። በዳሰሳ ራሱ የጻፈውን አንዴ ያነበበ ሰው ወደ ባዕድ ፊደል እንዴት ይመለሳል? በ1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንጻ ሲመረቅ የነጥቡ ጽሕፈት በሕዝብ ፊት ተፈትኖ ታየና ክልከላው ላላ። ፈረንሳይ በይፋ የተቀበለችው ግን በ1854 ነው። ሉዊስ ብሬል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ፣ በጥር 6 ቀን 1852፣ በ43 ዓመቱ ካረፈ ከ2 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1952 አፅሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን ሲዛወር፣ የተወለደባት መንደር እጆቹን አስቀረች። እጆቹ እስከ ዛሬ በኩቭሬ ናቸው።

ነጥቡ ወደ አገራችን ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ገጠመው። 33ቱ ፊደሎቻችን በ7 ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ከ6 ነጥብ የሚወጡት ምልክቶች ግን 63 ብቻ ናቸው። 231 በ63 ውስጥ እንዴት ያድራል? መልሱ ፊደሉን መፍታት ሆነ። በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ይጻፋል፤ ሳድሱ ፊደል አናባቢ ሳያስከትል ብቻውን ይቆማል። «ሰላም» በወረቀት ላይ 3 ፊደል ነው፤ በብሬል ግን ሰ 2፣ ላ 2፣ ም 1፣ በድምሩ 5 ምልክት ይሆናል። የአማርኛ ብሬል መጽሐፍ ከወረቀቱ መጽሐፍ እጅግ የሚገዝፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ዓይናማው በአንድ ፊደል ተሸፍኖ የማያየውን የቃሉን አጥንት ዓይነ ስውሩ በጣቱ ይዳስሳል። የሰዋስው መምህር ለዓይናሞች በብዙ ድካም የሚያስረዳውን የተነባቢና የአናባቢ ነገር፣ የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትን በመሰሉ ቤቶች ብሬል የተማረ ሕፃን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ያውቀዋል።

ከብሬል ሌላ ደግሞ ጆሮ አለ። በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ መጻሕፍት በሸክላ እየተቀረጹ ለዓይነ ስውራን መታደል ጀመሩ። በእኛ አገር ይህን የመሰለ ዝግጅት በዕቅድ ሳይሆን በራዲዮ በኩል መጣ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተረከው። ትረካው ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተሰናዳ አልነበረም፤ ለሁሉም ነበረ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት፣ ልክ እንደ ቃል ትምህርቱ ሌሊት፣ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ በራዲዮኑ ዙሪያ እኩል ሆኑ። ወዳጄም ከልብ ወለድ ጋር የተዋወቀው በዚህ ትረካ እንደ ሆነ ነግሮኛል።

እንግዲህ ድምፅ ይህን ያህል ካደረገ፣ ብሬል ለምን ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ለወዳጄ አቀረብሁለት። በቀጥታ አልመለሰልኝም። «አንድ ግጥም አንብብልኝ» አለኝ። አነበብሁለት። ጥቂት አሰበና «ያቺን አጥብቀህ ያነበብሃትን ቃል እስቲ አላልተህ ድገምልኝ» አለኝ። ደገምሁለት። ግጥሙ ሌላ ግጥም ሆነ!

ጽሕፈታችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ይገኛል ነው። «ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። ሰሙን ከወርቁ ጋር በአንድ ቃል የሚያሳድር ባለ ቅኔ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው በዚች ቀዳዳ ነው። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ወይ ማጥበቅ ወይ ማላላት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ አፍ ማለት አይችልም። ስለዚህ እኔ ሳነብለት፣ ሳላውቀው፣ ከሁለቱ ትርጉም አንዱን መርጬ ሌላውን እቀብርበት ነበር። አንድም ገጽ ሳልዘል እንኳ እዘል ነበር። ብሬል ግን እንደ ወረቀቱ ሁሉ ሁለቱንም ጠብቆ ያቆያቸዋል፤ ወርቁን የሚያወጣው ራሱ አንባቢው ነው። ጥያቄዬ ተመለሰ።

ዛሬ ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ2006 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ ስለ ባህል ሕይወት ይናገራል፤ መጻሕፍት፣ ቴያትር፣ ፊልም፣ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዝዛል። ከዚያም አልፎ፣ አካል ጉዳተኞች የፈጠራ ችሎታቸውን ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡን ለማበልጸግ ጭምር እንዲያውሉት ይላል። ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ሰጪም ናቸው ማለቱ ነው። በ2013 በማራኬሽ ከተማ የተፈረመውና በ2016 የጸናው ስምምነት ደግሞ፣ የታተሙ መጻሕፍትን የደራሲውን ፈቃድ ደጅ ሳይጠኑ ለዓይነ ስውራን በሚነበብ መልክ ማዘጋጀትና ከአገር አገር ማስተላለፍ እንዲቻል ፈቀደ። ኢትዮጵያም በ2020 ገብታበታለች። ሕግ ግን በር ያነሣል እንጂ መጽሐፍ አይጽፍም፤ ነጥቡን የሚመታው፣ ድምፁን የሚቀርጸው ሰው ነው። በጽሑፍ የተሰናዳ ድርሰትን ስልክና ኮምፒዩተር ጮክ ብለው በሚያነቡበት በዚህ ዘመን እንኳ፣ ከቀደሙት የአማርኛ ድርሰቶች ብዙዎቹ ከወረቀት ወይም ከወረቀት ፎቶግራፍ አልወጡም። ለማሽኑ ፎቶግራፉ ዝም ያለ ገጽ ነው።

ወደዚያች የዛፍ ጥላ ልመለስ።

ወዳጄ «አላቅልኝ» ባለኝ ጊዜ አፍሬ ወደ ኋላ ተመለስሁና ሸለቆውን ከመጀመሪያው አነበብሁለት። ወንዙን፣ ዛፎቹን፣ ጉሙን… አንዲት ቃል አላስቀረሁም። እርሱ አገጩን በመዳፉ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ስጨርስ ጥቂት ዝም አለና «ይቺን ጉም ደግመህ አንብባት» አለኝ። ደግሜ አነበብኋት። የሚገርመው ነገር፣ ጉሟን በእርግጥ ያየኋት እኔም በዚያን ጊዜ ነው። ቀደም ሲል ዓይኔን ወደፊት ልኬ «ማለቂያ የለውም» ያልሁት እኔ፣ ያን ገጽ አላነበብሁትም ነበር።

አበው ዓይነ ስውር የሚሻው ብርሃን ነው ብለዋል። ወዳጄ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብርሃን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ገጹን ነው፤ ያልተቆረጠ፣ ያልተዘለለ፣ ሊወደውም ሊሰለቸውም የሚችለውን ሙሉውን ገጽ። እኛ ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን የምንል ሰዎች ይህን ለመስጠት ተአምር መሥራት አይጠበቅብንም። የተጣበቀውን ማላቀቅ ይበቃናል።